በሃርማቫራ የደረቁት ጥዶችህ

ውድ ኦይቫ፣

ይህን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም። ወንድምህ ኤንሲዮ «ሙት አያነብም፣ ለማን ነው የምትሞነጫጭሪው?» ይለኛል። እሱ ራሱ ግን እሑድ እሑድ መቃብርህ አጠገብ ቆሞ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ጎረቤት ውሻ ሲያወራልህ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እሱ ካወራህ እኔን ምን ከለከለኝ? ወሬውን ግን ከመጨረሻው አልጀምርልህም። የምታውቀውንም ቢሆን ከሥሩ እነግርሃለሁ፤ በእኔ ዓይን አይተኸው አታውቅምና።

ሃርማቫራ ኮረብታ ላይ አሮጌውን ደን ቆርጠው ያወረዱት እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። ከዚያ ከደቡብ በመጣ ዘር ኮረብታውን ሸፈኑት። እኔና አንተ አዲስ ተጋቢዎች ሆነን ምርምር ጣቢያው ስንቀጠር ችግኞቹ ከጉልበት በላይ ደርሰው ነበር፤ ለምለም፣ ቀጥ ያሉ፣ ለዓይን የሚያሳሱ። አንድ ክፉ የበረዶ ክረምት መጣና ጨረሳቸው። ቆራጮቹ ንቀው አፋፉ ላይ የተዉአቸው ጥቂት አሮጌ ጥዶች ግን እንደ ጎበጡና እንደ ተጣመሙ እዚያው ነበሩ።

«የአፋፉ እናት ብርዱን ታውቃለች፤ ከደቡብ የመጣው አባት ደግሞ ማደግ ያውቃል። ለምን አናጋባቸውም?» ያልከኝ የደረቁትን አይተን በተመለስንበት ዕለት ነው፤ ወጥ ቤት ቆመህ፣ አፍህ ጥቁር ዳቦ እንደ ጎረሰ። ሽማግሌ ልትልክላቸው የተነሣህ ነበር የመሰልከው። ከዚያ በኋላ አንተ ዛፉን ያዝክ፣ እኔ ዘሩን ያዝሁ። ጣቢያው ውስጥ «ባልና ሚስቱ» እንጂ በስማችን የሚጠራን አልነበረም።

ኤንሲዮ ያኔ ገና እንጨት ቆራጭ ነበር። በእንፋሎት ሊታጠብ ሳውናችን በመጣ ቁጥር እናንተን ሁለታችሁን ማስታረቅ የእኔ ሥራ ሆኖ ቀረ።

«እኔ በሩብ ሰዓት ገንድሼ የምጥለውን እናንተ ሁለት ዓመት ታዋልዱታላችሁ» ይልሃል።

«አንተ የምትገነድሰውን ማን የተከለው መሰለህ?»

«እግዜር ነዋ።»

«እግዜርም ረዳት ይፈልጋል።»

«ረዳቱ አንተ ከሆንክማ፣ እግዜር ሰው አጥቷል ማለት ነው።»

ከዚያ ወዲህ «የጥድ አዋላጁ» ብሎ ስም አወጣልህ። ደስ ይልህ እንደ ነበር አውቃለሁ።

ግን ጥድ እዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ በቀላሉ አያብብም። ቢያብብም በጋው አጭር ስለሚሆንበት ዘሩ ሳይጠነክር ብርድ ይቀድመዋል። ሁሉም አሮጌ ዛፍ እኩል የሚያብብበት ዓመት አንድ ሰው ሠርቶ ጡረታ እስኪወጣ አንዴ ቢያጋጥመው ዕድለኛ ነው። ስንጠብቅ ልጃችን ማርኬታ ተወለደች፣ ስንጠብቅ ትምህርት ቤት ገባች፣ ስንጠብቅ ከእኔ በቁመት በለጠች። አንተ ግን በየፀደዩ እየወጣህ ቡቃያውን በማጉያ መነጽር ታያለህ፤ ትመለሳለህ፤ «ዘንድሮም የለም» ብለህ ቦት ጫማህን ታወልቃለህ።

ያን ፀደይ ቦት ጫማህን አላወለቅህም። በጭቃው እንዳለህ ምንጣፉ ላይ መጥተህ ቆምክ። ልጮህብህ አፌን ስከፍት ፊትህን አየሁት።

«ሳይሚ» አልከኝ፣ «ሊያብቡ ነው። ሁሉም።»

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከረጢት ስንሰፋ ሰነበትን፤ እኔ፣ አንተና ማርኬታ። ነፋስ ያመጣው የአበባ ዱቄት ቀድሞ እንዳይገባባቸው ሴቴዎቹ አበቦች ሳይከፈቱ በከረጢት መሸፈን አለባቸው። ማርኬታ «ለዛፍ የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሰፋ ቤተሰብ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ ትምህርት ቤት እንዳትነግሩብኝ» እያለች ትቀልዳለች፤ ስፌቷ ግን ከሁላችንም ያምር ነበር። አንተ ያን ሰሞን ወተት ታበዛ ነበር። «ሆዴን ትንሽ ይነፋኛል» አልከኝ። እኔም ጎመኑ ነው ብዬ ጎመን መሥራት ተውኩ።

ከረጢቱ ታስሮ ካለቀ በኋላ የደቡቡን የአበባ ዱቄት ከባቡር ልትቀበል ወደ ሮቫኒዬሚ ከተማ ወረድክ። ዱቄቱ በብልቃጥ ተደርጎ፣ በበረዶ ታሽጎ ነው የመጣው፤ እንደ ሕፃን ታቅፈኸው ገባህ። የዓሣ ሾርባ ሠርቼ ጠበቅሁህ። ሁለት ማንኪያ ቀምሰህ ሳህኑን ገፋ አደረግኸው።

«አልጣፈጠህም?» አልኩህ።

«መንገድ ላይ በልቻለሁ።»

በዚያው ቀን ሆስፒታል ገብተህ እንደ ወጣህ፣ ሐኪሟ ሆድህን በጣቷ ተጭና «በሚመጣው ሰኞ ተኛ፣ መክፈት አለብን» እንዳለችህ፣ አንተም «ከሰኔ በኋላ እመጣለሁ» ብለሃት እንደ መጣህ የማውቅበት ምንም ምልክት አልነበረኝም። ስለ ዱቄቱ ነበር ያወራኸኝ። ምን ያህል ቢጫ እንደ ሆነ። ምን ያህል ደረቅ እንደ ሆነ።

አበባው የሚከፈተው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ቅርፊቱ ገጥሞ ይዘጋል፣ የመጣ ዱቄት ቢመጣ አይቀበልም። እነዚያን ቀናት ኮረብታው ላይ አደርን ማለት ይቻላል። በእኛ ሰሜን በሰኔ ፀሐይዋ ስለማትጠልቅ ሥራውም አያልቅም። አንተ የብረት መወጣጫውን እግርህ ላይ አስረህ ትወጣለህ፣ እኔ ከታች ገመዱን እይዛለሁ። ጫፍ ላይ ስትደርስ የስንዴ ቅንጣት የምታክለውን ቀይ አበባ በከረጢቷ መስኮት ትመለከታለህ፣ ዱቄቱ የተሞላበትን መርፌ ትሰካለህ፣ እፍ ታደርገዋለህ። ከላይ ታንጎራጉራለህ። ድምፅህ ደግሞ ለዘፈን አልተፈጠረም።

ከአንደኛው ዛፍ ስትወርድ ወገብህን አጥፈህ ተቀመጥክ፤ ላብህ ግንባርህ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ቀበቶው ጠብቆኝ ነው።»

«በቃ የቀሩትን እኔ ልውጣ። መውጣት እንደምችል ታውቃለህ።»

«ነገ ትወጫለሽ።»

በማግስቱም «ነገ» አልከኝ። ሁሉንም አንተ ወጣህ። ከሺህ ዘር መካከል ባዶውን በዓይኔ የምለይ ሴት ቀበቶ ጠበቀኝ ያልከኝን አምኜ ዋልኩ።

ሐምሌ ላይ እኔው ነኝ ጎትቼ ሆስፒታል የወሰድኩህ። ሆድህን ከፍተው አዩ፤ ጊዜው አልፏልና መልሰው ዘጉህ። ሐኪሟ እኔ የማውቅ መስሏት አልጋህ አጠገብ ቆማ፣ «አቶ ኦይቫ፣ በሰኔ ተኛ ስልህ ብትተኛ ምን ነበረበት?» አለችህ። አንተ ወደ መስኮቱ ዞርክ። እኔ ሐኪሟን አየሁ፤ ሐኪሟ እኔን አየችኝና ነገሩ ገባት። ኮሪደር ላይ ተከትያት ወጣሁ።

«በሰኔ ቢተኛ ይድን ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ።

«ገምቺ።»

«ወይዘሮ ሳይሚ፣ ገምቼ ብነግርሽ ዕድሜ ልክሽን ይዘሽው ትኖሪያለሽ። አላውቅም።»

ሳይገመትልኝም ይዤው ኖርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ነበርን። ብርድ ልብስ ጉልበትህ ላይ አድርጌልህ ነበር። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የጠየቅሁህ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አበባው አይጠብቅም ነበር።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ትጠብቂኛለሽ ብዬ ነው።»

ሌላ ነገር ልትል ነበር፤ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲገባ ተውከው። ከዚያ ወዲያ አላነሣነውም። ይህን ነው በእኔ ዓይን አላየኸውም ያልኩህ። ከዛፉ ጋር ቅናት አልያዘኝም፣ ኦይቫ። መውጣት እችል ነበር። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ እኔ ኮረብታው ላይ መዋል እችል ነበር። ዱቄቱን ይዤ፣ አበባውን ዐውቄ፣ መርፌውን ዐውቄ አጠገብህ ነበርኩ። አንተ ግን ብትነግረኝ አበባውን ጥዬ ከአንተ ጋር እንደምሄድ አሰብክ። እውነትህን ይሆናል። ቢሆንም ለእኔ የተገባውን ምርጫ አንተ መረጥክልኝ።

መኸሩን አስታመምኩህ። አፌ አልተናገረም እንጂ እጄ ሳይናገር አልቀረም፤ ትራስህን ሳስተካክል ጠንከር እንደማደርግ ማርኬታ አይታለች። አንተ ግን አልጋህ ላይ ሆነህ ታስተምራት ነበር። ዱቄቱ አበባው ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሥር እንደሚያበቅል፣ ከዚያ ብርድ ሲመጣ እንደሚተኛ፣ ክረምቱን ሙሉ እንደሚተኛ፣ እናትና አባት በትክክል የሚገናኙት ዓመት ቆይቶ በሚቀጥለው በጋ መሆኑን ስትነግራት እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ዓመት ሙሉ?» አለችህ።

«ዓመት ሙሉ። ጥድ አይቸኩልም።»

«አንተስ በሚቀጥለው በጋ?»

መልስህ አልተሰማኝም። የሰማሁት የማርኬታን ልቅሶ ነው።

በየካቲት ሄድክ። መሬቱ እንደ ብረት ስለነበር ጎድጓዱን ለመቆፈር እሳት አንድደው ማቅለጥ ነበረባቸው። እንጨቱን የፈለጠው ኤንሲዮ ነው፤ ማንንም አላስጠጋም፣ አንድ ቃልም አልተነፈሰም። ያን ሁሉ ዓመት ሲያሾፍ ያየው ሰው ሁሉ ዝምታውን ፈራ። አንተ አፈር ስትገባ ያ የሰጠኸው ዱቄት ኮረብታው ላይ ገና እንቅልፍ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃርማቫራን አልወጣም አልኩ። ዕድሜዋን ያልጠገበች፣ አተር የምታክል የጥድ ፍሬ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ሽኮኮ ይብላት፣ ወፍ ይብላት፣ ብያለሁ። በጣቢያውም የሚናገረኝ አልነበረም፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ማን ደፍሮ ሥራሽን ሥሪ ይላታል? የደፈረው ኤንሲዮ ነው። በሰኔ አንድ ጠዋት የሽቦ መረብ ጠቅልሎ ተሸክሞ ደጄ ላይ ቆመ።

«ሽኮኮዎቹ ሰላም ብለውሻል» አለኝ። «ግብዣው መቼ ነው ይሉሻል።»

«ተወኝ ኤንሲዮ።»

«ዛፎቹ ምን አደረጉሽ?»

«ባሌን ወሰዱብኝ።»

መረቡን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ባልሽን የወሰደው ሆዱ ነው። ዛፍ ሰው ሲወስድ እንዴት እንደሆነ ለእኔ አትነግሪኝም፤ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ቶሎም ነው የሚጨርሰው። እነዚያን ጎባጦች አትሚያቸው።»

ከቀብርህ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት። ከሳቅሁ በኋላ እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ጢሙን እያሻሸ ጠበቀኝ። ስጨርስ «በይ ቦት ጫማሽን» አለኝ።

ያን በጋ ስትለምነው የኖርከው በጋ ሆነ። ሙቀቱ ምን ያለ ሙቀት መሰለህ፤ ረግረጉ ደረቀ፣ ትንኙ እንኳ ደከመው። እኔ ወጣሁ፣ ኤንሲዮ በታመመ ጉልበቱ ገመድ ያዘልኝ። እያንዳንዷን ፍሬ መረብ አለበስናት። ጫፉ ላይ ስደርስ አንተ ያሰርካቸውን ምልክቶች አገኘኋቸው፤ ቋጠሮህን ዐውቀዋለሁ። እዚያ ላይ ሆኜ ምን እንደ ተሰማኝ ልነግርህ አልችልም፤ ንዴቱም አልለቀቀኝ፣ ቅርንጫፉንም አልለቀቅሁትም።

በመስከረም ለቀምን። ፍሬው ምድጃ አጠገብ ደርቆ ተከፈተ፤ ዘሩን በእጄ አሸሁት፣ ክንፉን አበጠርኩት፤ እንደ ሌላው ዘር ሁሉ ራጅ አነሣሁት። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ስይዘው በየዘሩ ውስጥ ነጭ ጽንስ ተኝቶ ነበር። ሙሉ ነበር፣ ኦይቫ። ሳላስበው ፊልሙን ይዤ ከክፍሉ ወጣሁና ወደ አንተ ቢሮ ሮጥኩ። በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፏል። ኮሪደሩ ላይ ፊልሙን እንደ ያዝኩ ቆምኩ፤ የማሳየው ሰው አልነበረም።

ችግኞቹ ሲደርሱ ኮረብታው ላይ ተከልናቸው፤ በአንድ ረድፍ የኮረብታውን ተወላጅ፣ በአንድ ረድፍ የደቡቡን፣ በመካከል ያንተን ልጆች፣ ድቅሎቹን። ማርኬታ ያኔ መድኃኒት ቀማሚነት ልትማር ኦሉ ከተማ ገብታለች። እንድትመጣ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ስለ ምንም ነገር አውሪኝ» አለችኝ፤ «ስለ ጥድ ብቻ አታውሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለ አየር፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ፈተና ነው የምናወራው። ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ሥራ ይዛ፣ ባል አግብታም ያው ነበረች። እዚህ ስትመጣ ወንዙን ታያለች እንጂ ወደ ኮረብታው አትዞርም።

ያንተ ልጆች ግን አደጉ። እንዴት አድርገው እንዳደጉ ብታይ! የተወላጁ ረድፍ መሬት ላይ ሲድህ፣ ያንተ ጉልበቴን ደረሰ፤ ከዚያ ወገቤን። ኤንሲዮ «የወንድሜ ልጆች» ይላቸዋል፤ በወጣ ቁጥር እንደ አጎት በእጁ ይለካቸዋል። «ይቺ ናት ኦይቫን የምትመስለው፣ አፍንጫዋ ትልቅ ነው» እያለ ያሾፋል። ከሄልሲንኪ ሰዎች መጥተው ፎቶ አነሡ። በአካባቢው ያሉትን ራቁት ኮረብቶች ሁሉ ባንተ ድቅል ለመሸፈን ማሰባቸውን ነገሩኝ። እንዲያ ሲሉኝ ከልቤ አንድ ነገር ፈታ አለ። ለካ ሰኔውን በከንቱ አልሰጠም አልኩ። ይኸውልህ፣ ይቅር ልልህ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በዛፎቹ ቁመት ልክ እየለካሁ፣ ጥቂት በጥቂት።

አሁን ወደ ወሬው ደርሻለሁ።

ባለፈው ክረምት በረዶው መሬቱ ሳይጠነክር ቀድሞ ወረደ፤ ከባድ ነበር፣ ፀደይ ገብቶም አልሄድም አለ። እንዲህ ያለ በረዶ ከሥሩ ሻጋታ እንደሚያሞቅ ታውቃለህ፤ ቅጠሉን በጨለማ ውስጥ ይበላዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከኤንሲዮ ጋር ወጣን። ከሩቅ ስናየው ኮረብታው ላይ ቡናማ ጨርቅ የተሰጣ መሰለኝ። የደቡቡ ረድፍ አልቋል፤ እሱንስ ጠብቄው ነበር። ያንተም ረድፍ አልቋል። ቅጠሉ ደርቆ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ስነካው ይረግፋል። እዚህም እዚያም አናቱ ላይ ብቻ አረንጓዴ የቀረው አለ፤ እሱም አይቆይም። እነዚያ ድንክ፣ ጠማማ፣ ማንም ፎቶ ያላነሣቸው የኮረብታው ተወላጆች ግን ከበረዶው ሥር አረንጓዴ ሆነው ወጡ።

ተሳስተህ ነበር፣ ኦይቫ። ልጁ የአባቱን ማደግ ወረሰ፤ የእናቱን ብርድ ማወቅ ግን በበቂ አልወረሰም። ኮረብታው የራሱን ዘር እንጂ ድቅል አይፈልግም። ይህን ነው ከሌላ እንድትሰማው ያልፈለግሁት።

ኤንሲዮ ቆቡን አውልቆ ቆመ። እኔ ቀሪው በረዶ ላይ ተቀመጥኩ።

«መጥፎ ዓመት ነው ብለሽ ለሄልሲንኪዎቹ ጻፊ» አለኝ። «እንዲህ ያለ ክረምት በየዓመቱ አይመጣም። ሌላ ይሞከር በያቸው።»

«ጥዱ መቶ ዓመት መኖር አለበት። በመቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ክረምት ስንቴ ይመጣል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ታዲያ ኦይቫ ቢሆን መጥፎ ዓመት ነው ብሎ ይጽፍ ነበር?»

«አይጽፍም። ኦይቫ ግን የለም። ከጽሑፉ ጋር የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

አልዋሸሁም። ጻፍኩት። ስምህን ከፊት፣ ስሜን ከኋላ አድርጌ፣ ድቅሉ ለእንዲህ ያለ ኮረብታ እንደማይሆንና ዘር ከራሱ ከኮረብታው መልቀም እንደሚሻል ጻፍኩ። በየኮረብታው ሊደረግ የታሰበው ተከላ ቆመ። እዚያ ሁሉ ሊሞቱ የነበሩ ዛፎች ሳይተከሉ ቀሩ፤ ይህም ያንተ ሥራ ነው፣ ከፈለግህ። እኔ ግን ጽሑፉን ልኬ ቤት ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተጋደምኩና፣ በዛፎቹ ቁመት ስሰፍር የኖርኩት ይቅርታ ሁሉ ከእጄ ፈሶ አየሁት። ታዲያ ለምን ነበር? አልኩህ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩህ።

ማርኬታ ደውላ ድምፄን ስትሰማ ጠየቀችኝ። አልዋሸኋትም፤ ስለ ጥድ አወራኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እመጣለሁ» አለችኝ።

የታመሙት ዛፎች ተነቅለው መቃጠል ነበረባቸው። ማርኬታ የአንተን አሮጌ ሹራብ ለብሳ፣ ኮረብታውን አንተ ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ፣ ከእኔና ከኤንሲዮ ጋር ስትነቅል ዋለች። አንድ አንዱን ከነቀለችው በኋላ ወዲያው አትጥለውም፤ ጥቂት ይዛው ትቆያለች። ግንዳቸው ከእጅ አንጓ አይወፍርም። ኤንሲዮ ተጎታቹ ላይ ጭኖ ግቢያችን አወረዳቸው።

«ሜዳ ላይ ከምናቃጥላቸው» አለ አንገቱን እያከከ፣ «ሳውናውን እናንድድባቸው። የወንድሜ ነገር ጭስ ብቻ ሆኖ አይቅር።»

ማርኬታ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም «አንድድ» አልኩት።

ሙጫቸው ገና አልደረቀም ነበርና እየተንጣጡ ነደዱ። ሳይመሽ የሳውናው ድንጋይ ጋለ። ኤንሲዮ ተራውን ደጅ አግዳሚው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ እኔና ማርኬታ ገባን። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ ውኃ ስትጨምር እንፋሎቱ ጀርባችን ላይ ወረደ። ልጅህ ሽበት አውጥታለች፣ ኦይቫ። ጆሮዋ ሥር ነው፤ ያንተም መጀመሪያ የወጣው እዚያ ነበር።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«አንቺ ብትሆኚስ ኖሮ? ሆድሽን አሞሽ፣ አበባውም ሊዘጋ ቢሆን። ትወጪ ነበር?»

ያን ሁሉ ዓመት አንተን ስጠይቅ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጭልፋውን ተቀብያት እኔም ውኃ ጨመርኩ፤ ድንጋዩ ጮኸና ዝም አለ።

«እወጣ ነበር» አልኳት። «ግን እነግረው ነበር።»

ደኅና ሁን፣ ኦይቫ። ሌላ የተደበቀ ወሬ የለኝም።

ሚስትህ
ሳይሚ